ከምስሉ ይልቅ ሰዓቱ፦ ሃይማኖትና የቪዲዮ ጌም ልማድ

ሃይማኖትና ቪዲዮ ጌም የሚጣሉበት ቦታ አንድ ነው፤ በእውነት የሚነካኩበት ቦታ ደግሞ ሌላ። ጥሉ በአብዛኛው የተነሣው በምስልና በድምፅ ነው፤ አጋንንት ታዩ፣ ቤተ መቅደስ ተደፈረ፣ የቅዱስ መጽሐፍ ቃል ከሙዚቃ ጋር ተደባለቀ እየተባለ። የአማኙን የዕለት ተዕለት ልማድ የሚነካው ግን ጊዜው ነው። ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲጫወት ያመሸ ወጣት የእሑዱ ቅዳሴ ቢያልፈው ወይም የሱብሒ ሶላት ቢያመልጠው፣ የተጫወተው ጌም ስለ ሲኦል መሆኑም ሆነ ስለ እግር ኳስ ለውጥ የለውም። ያለፉት አርባ ዓመታት ታሪክ እንደሚያሳየው የሃይማኖት ተቋማት ጉልበታቸውን ያፈሰሱት በመጀመሪያው ጉዳይ ላይ ነው፤ ሁለተኛውን ያስተዋሉት ዘግይተው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምስሉ ጥል ቪዲዮ ጌም ከመስፋፋቱ በፊት መልኩን ይዞ ነበር። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጠረጴዛ ዙሪያ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ የሚጫወቱት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ የምናብ ጨዋታ ልጆችን ወደ ጥንቆላና ወደ ሰይጣን አምልኮ ይወስዳል የሚል ፍርሃት በተለይ በወንጌላውያን ክርስቲያኖች ዘንድ ተዛምቶ ነበር። ፍርሃቱ ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር የሚይዘው አላጣም። በ1993 የወጣው ዱም ከሲኦል የወጡ አጋንንትን የሚዋጉበት፣ የሰይጣን አምልኮ ምልክቶች የሚታዩበት ጌም ነበር። ተጫዋቹ አጋንንቱን የሚገድል እንጂ የሚያመልክ አለመሆኑ በክርክሩ ውስጥ ብዙ ቦታ አላገኘም።

ኩባንያዎቹም ነገሩን ቀድመው ለመሸሽ ሞከሩ። የኔንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጌሞቹ ውስጥ የሃይማኖት ምልክት እንዳይታይ ይከለክል ነበር፤ ከጃፓን የመጡ ጌሞች አሜሪካ ሲደርሱ ከመቃብሩና ከሬሳ ሣጥኑ ላይ መስቀሉ ይፋቅ ነበር። ስሜቱ እንዳይነካ የታሰበለት አማኝ በጌሙ ዓለም ውስጥ የእምነቱን ምልክት ጨርሶ እንዳያገኝ ሆነ።

ያንን ባዶ ቦታ የሞላው ያልተጠበቀ ወገን ነው። ከለር ድሪምስ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ያለ ኔንቴንዶ ፈቃድ ጌም ይሠራ ስለነበር፣ የመጫወቻ ሱቆች ከትልቁ ኩባንያ ጋር ላለመጣላት ዕቃውን ይሸሹት ነበር። ኩባንያው ዊዝደም ትሪ በሚል ስም በ1991 ባይብል አድቬንቸርስን አወጣ። ተጫዋቹ እንስሳትን እየተሸከመ ወደ ኖኅ መርከብ ያስገባል፤ ሕፃኑን ሙሴን ይዞ ይሸሻል፤ ከዳዊት ጋር ሆኖ ጎልያድን ይገጥማል። የተሸጠው በክርስቲያን መጻሕፍት መደብሮች ነበር። እነዚህ መደብሮች የኔንቴንዶ ደንበኞች ስላልነበሩ ኔንቴንዶ ዕቃ እከለክላችኋለሁ ብሎ ሊያስፈራራቸው አይችልም ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው በሰፊው የታወቀ መንፈሳዊ ጌም የተወለደው ከስብከት ዓላማ ይልቅ ከገበያ ብልሃት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1994 ደግሞ ይኸው ኩባንያ ዎልፈንስታይን የተባለውን ናዚዎችን በጥይት የሚፈጁበት ጌም የተሠራበትን ሶፍትዌር ወስዶ ጠመንጃውን በወንጭፍ፣ ወታደሮቹን በፍየልና በሌሎች እንስሳት ተካ። ኖኅ በመርከቡ መተላለፊያ እየተሯሯጠ መኖ ይወነጭፍባቸዋል፤ እነሱም በልተው ይተኛሉ። የተጫዋቹ እጅና ዓይን የሚሠሩት ግን ያንኑ ነው፤ ሮጦ፣ አነጣጥሮ መምታት። ምስሉ ሲቀየር ልማዱ እንደማይቀየር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ከሁሉ የበለጠ የተወራለት የምስል ጥል የእንግሊዙ ነው። ሶኒ በ2006 ያወጣው ሬዚስታንስ፦ ፎል ኦቭ ማን የተባለ ጌም ከባዕድ ፍጡራን ጋር የሚደረግ የተኩስ ውጊያ በማንቸስተር ካቴድራል ውስጥ ያሳይ ነበር። ካቴድራሉ በልኩ ተሠርቷል፤ ፈቃድ ግን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አልተጠየቀችም። በ2007 የማንቸስተር ጳጳስ ናይጀል ማክለክ ተቃውሟቸውን አሰሙ። የቅሬታቸው መነሻ የቅድስና ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ከተማዋ በዚያን ጊዜ በወጣቶች የጦር መሣሪያ ወንጀል የተቸገረች ነበረችና በመቅደስ ውስጥ የሚደረግ ተኩስ የጨዋታ ማድመቂያ መሆኑ አስቆጣቸው። ሶኒ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጌሙን ግን ከገበያ አላነሣም።

በእስልምናው በኩል ጥሉ ከምስል ይልቅ በድምፅ የበረታ ነው። ማይክሮሶፍት ካኩቶ ቾጂን የተባለውን የድብድብ ጌሙን በ2003 ከገበያ የሰበሰበው የቁርኣን ቃል የያዘ ዜማ ስለተገኘበት ነው። በ2008 ሶኒ ሊትል ቢግ ፕላኔት የተባለውን ጌም ሊያወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በመላው ዓለም የተሰራጩትን ቅጂዎች ሰበሰበ፤ ምክንያቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የቁርኣን ሐረጎች መኖራቸው ነበር። ዘፈኑ የታዋቂው የማሊ ኮራ ተጫዋች የቱማኒ ዲያባቴ ነው። ዲያባቴ ራሱ ሙስሊም ነበር፤ በአገሩ ሙዚቃ የነቢዩንና የቁርኣንን ቃል ማንሣት የተለመደ መሆኑን ተናግሯል። እዚህ ላይ የተጋጩት ሃይማኖትና ጌም አልነበሩም፤ ሁለት የእስልምና ልማዶች ነበሩ። በአንደኛው የአላህ ቃል ከዜማ መሣሪያ ጋር አይገናኝም፤ በሌላው ደግሞ ውዳሴ ያለ ዜማ አይታሰብም። በወሎ መንዙማ ዙሪያ ሲነሣ የኖረውን ክርክር ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የጃፓንና የአሜሪካ ኩባንያዎች ግን በውስጥ ክርክሩ የሚገቡበት አቅምም ፍላጎትም የላቸውም፤ የሚያዋጣቸው ጥብቁን ወገን መከተል ነው።

ንግዱ ግን ጥሉን ሁልጊዜ አይሸሽም። ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2009 የዳንቴስ ኢንፌርኖ ጌሙን ለማስተዋወቅ ሎስ አንጀለስ በሚደረገው የጌም ኤግዚቢሽን በር ላይ መፈክር የያዙ «ክርስቲያን ተቃዋሚዎችን» አሰለፈ። ሰልፈኞቹ የተቀጠሩ መሆናቸው ኋላ ታወቀ። የአማኙ ቁጣ ነፃ ማስታወቂያ መሆኑን ኩባንያው ስላወቀ፣ ቁጣውን ሳይጠብቅ ገዛው።

ለመሆኑ እምነት ያለው ሰው ጌም የሚጫወተው ከሌላው ያነሰ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን በቀጥታ አይገኝም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2008 እንዳስታወቀው ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ከሆኑ የአገሩ ልጆች 97 ከመቶው ጌም ይጫወቱ ነበር። በ2024 ባወጣው ዘገባ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ከሆኑት 85 ከመቶው እንደሚጫወቱ ገልጿል። አሜሪካ ከበለጸጉት አገሮች መካከል በሃይማኖተኝነቷ የምትታወቅ ናት። ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ሲጫወቱ የዲያቆኑም፣ የፓስተሩም፣ የኢማሙም ልጅ እዚያው ውስጥ ናቸው። እምነት ተጫዋቹን ከማይጫወተው የሚለይ አጥር አይደለም ማለት ነው።

ልዩነት ካለ መፈለግ ያለበት በጨዋታው መጠንና ሁኔታ ላይ ነው፤ እዚያም ጥንቃቄ ያሻል። በብዙ የክርስቲያን አገሮች አዘውትረው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ሴቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሲሆኑ፣ ረጅም ሰዓት የሚጫወቱት ደግሞ በብዛት ወጣት ወንዶች ናቸው። ዕድሜንና ፆታን ያልለየ ቆጠራ «ሃይማኖተኛ ሰው ጌም አይወድም» የሚል ውጤት ሊያወጣ ይችላል፤ የተቆጠረው ግን አያትና የልጅ ልጅ ነው። የምክንያቱ አቅጣጫም አከራካሪ ነው። እምነት ጨዋታን ሊቀንስ ይችላል። ወይም መዘምራን ውስጥ የሚያገለግል ልጅ ማታውን ልምምድ ላይ ስለሚያሳልፍ ጊዜ አጥቶ ይሆናል፤ ያኔ የሠራው አስተምህሮው ሳይሆን የሰዓት መርሐ ግብሩ ነው። ደግሞም ከምእመናን ጉባኤ የራቀ ሰው ያጣውን ወዳጅነት በኢንተርኔት ጌም ውስጥ ፈልጎ ሊሆን ይችላል።

አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ይህን የወዳጅነት ኃይል ለራሳቸው ሊጠቀሙበት ሞክረዋል። በ2007 ሄይሎ 3 ሲወጣ በርካታ የአሜሪካ ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ወጣት ወንዶችን ለመሳብ በአዳራሾቻቸው ኮንሶል ዘርግተው ነበር። ጌሙ ከ17 ዓመት በታች ላሉ አይሆንም ተብሎ የተመደበ የተኩስ ጌም ነው። «አትግደል» በሚሰበክበት አዳራሽ ሲተኮስ ማምሸቱ በዚያው በክርስቲያኖች መካከል ጠንካራ ክርክር አስነሣ። በ2019 ኢየሱሳዊው ካህን ሮበርት ባሌሰር ከቫቲካን ሆነው የማይንክራፍት ሰርቨር ከፈቱ፤ ዓላማቸው ተጫዋቾች ሳይሰዳደቡ የሚገነቡበት ቦታ ማዘጋጀት ነበር። ይህኛው ብዙም አላከራከረም፤ ጌሙም በአብዛኛው ሰላማዊ ነው።

ወደ ጊዜው ጉዳይ ሲመጣ ከጉባኤ ውሳኔ ይልቅ የአንድ ልጅ ሕይወት ይናገራል። በ1991 ለንደን ተወልዶ ሚላን ያደገው ካርሎ አኩቲስ በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ሞተ፤ ሴፕቴምበር 7 ቀን 2025 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ቅድስናውን አወጁ። ኮምፒዩተር የሚወድ፣ ፕሌይስቴሽን ያለው ልጅ ነበር። በሕይወት ታሪኩ ደጋግሞ የሚነገረው ጨዋታን በሳምንት በአንድ ሰዓት መገደቡ ነው። ጌም ክፉ ነው ብሎ አልተወውም፤ ልክ አበጀለት። ለካቶሊክ ወጣቶች አርአያ ተብሎ የቀረበው ልጅ በዚህ ጉዳይ የሚታወሰው በመረጠው ጌም ዓይነት ሳይሆን በሰዓቱ መሆኑ የአስተሳሰቡን ለውጥ ያሳያል።

በሌሎች እምነቶች ገደቡ የግለሰብ ፈቃድ ሳይሆን ሥርዓት ነው። ሰንበትን በጥብቅ የሚያከብር አይሁዳዊ ዓርብ ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ከዋክብት እስኪወጡ ኤሌክትሪክ አያበራም፤ ኮንሶሉም ስልኩም ለዚያ ጊዜ ዝም ይላሉ። በእስልምና ለአምስቱ ሶላቶች የተወሰነው ወቅት ቀኑን ይከፋፍለዋል። ጌምን በሚፈቅዱ የሃይማኖት ሊቃውንት ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣው ሁኔታም ይህ ነው፤ ሶላትን አያዘገይ፣ ቁማር አይኑርበት፣ ግዴታን አያስረሳ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጾም የምግብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዓይንና ጆሮም እንደሚጾሙ ይሰበካል። ትምህርቱ ስክሪን ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ቢሆንም ለስክሪን የተሠራ ያህል ይገጥማል።

ችግሩ ጌሞቹም የራሳቸው የጊዜ ሥርዓት ያላቸው መሆኑ ነው። የሆላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሁይዚንጋ ሆሞ ሉደንስ በተባለው የ1938 መጽሐፉ ጨዋታና ሥርዓተ አምልኮ ሁለቱም ከተራው ሕይወት የተከለለ ቦታና ሰዓት እንደሚሹ አስረድቶ ነበር። ብዙዎቹ የዛሬ የኢንተርኔት ጌሞች ይህን ወደ ገቢ ምንጭ ለውጠውታል። በየቀኑ ለገባ የዕለት ሽልማት አለ፤ አንድ ቀን ያቋረጠ የተከታታይ ቀናት ቆጠራው ይሰረዝበታል። ፎርትናይት ዓመቱን በወቅቶች ይከፍላል፤ በወቅቱ ያልተጫወተ የወቅቱ ሽልማት ያመልጠዋል። በ2004 በወጣው ዎርልድ ኦቭ ዎርክራፍት ትልልቆቹ ዘመቻዎች ሃያና አርባ ሰው በአንድ ሰዓት መገኘትን ይጠይቁ ነበር፤ የቀረ ሰው በጽዋ ማኅበር ተራው ደርሶ እንደቀረ ሰው ይታማል። ሶላት፣ ሰንበትና ቅዳሴ እንዲህ ካለ ሥርዓት ጋር ሲገናኙ የሚጋጨው ቀን መቁጠሪያ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ነው። በጌሙ ውስጥ አንድ የሰይጣን ምልክት ባይኖርም ግጭቱ አይቀርም።

የቅርብ ዓመታት እገዳዎች ይህን ማስተዋል የጀመሩ ይመስላሉ። በ2001 የሳዑዲ ዐረቢያ የሃይማኖት ባለሥልጣናት ፖኬሞን የተባለውን ጨዋታ ሲከለክሉ ያነሡት ቁማር መምሰሉን፣ የዝግመተ ለውጥን ሐሳብ ማስተማሩንና የሌሎች ሃይማኖቶች ምልክት አለበት መባሉን ነበር። በ2019 የኢንዶኔዥያዋ የአቼ ግዛት የዑለማ ምክር ቤት ፐብጂ የተባለውን የተኩስ ጌም ሐራም ሲል ግን ያሳሰበው ዓመፅን ማለማመዱና በወጣቱ ጠባይ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። በ2020 የፓኪስታን የቴሌኮም ባለሥልጣን ይህንኑ ጌም ለሳምንታት ሲዘጋ ሱስ ማስያዙንና ጊዜ ማባከኑን በምክንያትነት ጠቅሷል። የምስሉ ጉዳይ ግን ጨርሶ አልሞተም። በዚያው ዓመት የፐብጂ የስልክ ጌም ተጫዋቹ ለጣዖት የሚሰግድ የሚያስመስል እንቅስቃሴ ሲጨምር ሙስሊም ተጫዋቾች ተቆጡ፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቆ አነሣው። የተቆጡት ጌሙን የማያውቁ ሽማግሌዎች አልነበሩም። በየቀኑ የሚጫወቱት ናቸው፤ ጌሙን ሊተዉት ሳይሆን እያመኑ ሊጫወቱት የፈለጉ።

ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የገባው የጌም ሱስ መግለጫ ስንት ሰዓት ማለፍ እንደሌለበት አይናገርም። የሚመዝነው ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር አቅቶት እንደሆነ፣ ከሌላው የሕይወቱ ጉዳይ ሁሉ አስቀድሞት እንደሆነ፣ ጉዳቱን እያየ ቀጥሎበት እንደሆነ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ለ12 ወራት ያህል የቆየ መሆን አለበት። «ከሁሉ አስቀደመው» የሚለው መለኪያ ለሃይማኖት ሰው አዲስ አይደለም፤ በብዙ እምነቶች ጣዖት የሚባለው በትክክል ይህ ነው። ሐኪሙና ሰባኪው ለየራሳቸው ሄደው የደረሱበት ነጥብ ተቀራራቢ ነው። ሐኪሙ ግን ስለ ኃጢአት አያወራም፤ አብዛኛው ተጫዋችም በዚህ መለኪያ ታማሚ አይደለም።

መጫወት በተራው እምነትን ይለውጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው። በቤልጂየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ላርስ ደ ዊልትና ስቴፍ አውፐርስ በ2019 ባሳተሙት ጥናት የተለያየ እምነት ያላቸውና እምነት የሌላቸው ተጫዋቾች በጌም ውስጥ የሌላውን ሃይማኖት እንደሚለብሱት፣ አንዳንዱም በዚያ መንገድ ከራሱ የተለየውን ለመረዳት እንደሚሞክር አሳይተዋል። የሃይማኖቱ አቀራረብ ግን ከጌም ጌም ይለያያል። በ2005 የወጣው ሲቪላይዜሽን 4 የተባለ ሥልጣኔ የሚገነቡበት ጌም ሰባት ሃይማኖቶችን ሲያካትት ማንም ቅር እንዳይሰኝ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ኃይል ሠራቸው፤ ልዩነታቸው ስምና ምልክት ብቻ ሆነ። በ2012 ለአምስተኛው ክፍል በተጨመረው ማስፋፊያ ኢትዮጵያ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ገባች፤ የራሷ ሕንፃ ሐውልት ሲሆን እምነት የተባለውን ነጥብ ያፈራል። በ2020 በስድስተኛው ክፍል አፄ ምኒልክ ሲመጡ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አብሮ መጣ። እዚያ ላሊበላን የሚያስታውስ ቤተ ክርስቲያን የነጥብ ማመንጫ ነው፤ ለሚሳለመው ሰው የሚያስቅም የሚያሳዝንም ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያውያንን ስሜት ሊነካ የሚገባው ግን ሌላኛው ነው። ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2 የተባለው ጌም በ2015 ኢትዮጵያውያንን ሲጨምር የዘመቻው ባለታሪክ አድርጎ ያቀረበው ዮዲትን ነው። በአገር ውስጥ ትውፊት አክሱምን ያጠፋችው፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያቃጠለችው ዮዲት ጉዲት እዚያ ተበድላ የተሰደደች፣ ተመልሳ መብቷን የምትጠይቅ ልዕልት ናት፤ ተጫዋቹም ከእሷ ጎን ይሰለፋል። የማንቸስተሩን ያህል ጩኸት አልተሰማም። የማንቸስተር ካቴድራል ስም ተጠርቶበት ነበር፤ የዮዲት ታሪክ ግን ጌሙን ለሚጫወተው ለአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ተረት ነው።

እምነትን ከነጥብነት አውጥተው የሠሩትም አሉ። በ2016 የወጣው ዛት ድራገን፣ ካንሰር ራያንና ኤሚ ግሪን የተባሉ አሜሪካውያን ክርስቲያን ባልና ሚስት በካንሰር ስለሞተው ትንሽ ልጃቸው ስለ ጆኤል ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ነው። ተጫዋቹ ልጁን ሊያድነው አይችልም፤ ሆስፒታል ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን ማባበል ይሞክራል፣ አይሳካለትም፣ ጸሎት ይሰማል። ማሸነፍ የሌለበት ጌም ስለ እምነት ከብዙዎቹ የማሸነፊያ ጌሞች የበለጠ ተናግሯል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጨዋታና በዓል ባዕዳን አይደሉም፤ የገና ጨዋታ ስሙን ከልደት በዓል ጋር ይጋራል፣ በሜዳውም ጌታና አገልጋይ እኩል ይጋፉበታል። ያ ጨዋታ ግን በዓመት አንድ ሰሞን መጥቶ ይሄዳል። በከተማ ሰፈሮች ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች በዓል የላቸውም፤ ጠዋት ተከፍተው ማታ ይዘጋሉ። በብዛት የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። በወላጆችና በሃይማኖት አባቶች ዘንድ የሚነሣው ወቀሳም ስለ አጋንንት ሲሆን እምብዛም አይሰማም፤ ከትምህርት ቤት መቅረት ነው፣ ገንዘብ ነው፣ እሑድ ጠዋት ነው። አንዱ ልማድ ግን በቀጥታ የሃይማኖት ጥያቄ ያስነሣል፤ ተሸናፊው የሁለቱን ሒሳብ የሚከፍልበት። ብዙ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ተሸናፊ የሚከፍልበትን ውድድር ከቁማር ይቆጥሩታል፤ ሁለቱ ለየራሳቸው ቢከፍሉ ወይም ሽልማቱን ሦስተኛ ወገን ቢሰጥ ፍርዱ ይለያል። ጌሙ ያው ጌም ነው፤ የሚለየው ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው።